ጠብቆና ላልቶ

ሙሐረቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ኤሲው ቀን ከሌት ያጓራል፤
ልጃቸው ወደብ ውሎ፣ ወደብ አምሽቶ ይቀራል።
እኔና ዶኛ ሬሜዲዮስ ፊት ለፊት ተቀምጠናል፤
አንድ ጠረጴዛ አለን፣ አንድ ቃል ግን አጥተናል።

"ስምሽ?" አሉኝ በጣታቸው። "ትርንጎ" አልኳቸው።
"ቶሮንኻ!" ብለው ጮኹ፤ በሳቅ ራሰ ዓይናቸው።
ከፍሪጅ ብድግ አርገው አንድ ቢጫ ፍሬ አሳዩኝ፤
ለካ በሳቸው ቋንቋ ስላጥ ኖሬያለሁ፣ ሳያዩኝ።
መሐሉ ላይ ያለችው ኸ ብቻ ጉሮሮ ትፍቃለች፤
የቀረው የራሴ ስም ነው፣ ባሕር ዞሮ የመጣ።

"አልሞአዳ" ሲሉኝ መከዳቸውን አቀረብኩ፤
"አሱካር" ሲሉኝ ስኳር፤ ማንንም አልጠየቅኩ።
ስድስት ዓመት በኩሽና ዐረብኛ የተቀጣ ጆሮ
ሳያውቀው ስንቅ ቋጥሮ ኖሯል፣ ላላሰበው ኑሮ።

ከዚያ ወዲያ ደብተር ገዛሁ።

"ኦላ" ሰላምታ ነው፤ ሲጻፍ ፊቱ ላይ ሀ አለችበት፣
አትነበብም። ገብታኛለች፤ እንግዳ በመጣ ዕለት
ጓዳ የምትቆም ሠራተኛ ናት፤ አለች፣ ስሟ አይነሣም።

አግዋ፣ ውሃ፣ ሴት ናት፤ ግን "ኤል" የሚባል የወንድ ኮት
ደርባ ነው የምትወጣው፣ ሁለት አ በር ላይ እንዳይጋጩባት።
"ማኖ" እጅ ነው፤ አጨራረሱ ወንድ፣ እሷ ግን ሴት።
"ለምን?" ብል እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤
የሰማንያ ዓመት እጅ።
መልስ ነው ብዬ ጻፍኩት።

አኞ ዓመት ነው። ኘን ከእናቴ ወስጃለሁ፣ አልከበደችኝም።
ሹፌሩ ሚዛኑር ግን ለልደታቸው አበባ ይዞ መጥቶ
"ስንት አኖ አለዎት?" አላቸው፣ ኘዋን እስከ ነ አሳስቶ።
አኖ ምን እንደሆነ አልጽፍም፤ በተቀመጥንበት ነው፣ በመሐሉ።
ዶኛ እስኪያስላቸው ሳቁና፣ "አንድ፤ እሱም ያረጀ" አሉ።

ፔሮ "ግን" ነው። ፔሮ ውሻ ነው። በኛ ፊደል አንድ ናቸው፤
ላልቶ ሲነበብ ያመነታል፣ ጠብቆ ሲነበብ ይነክሳል።
ይህስ አልገደደኝም፤ አለ እና አለ
ተመሳስለው በሚኖሩበት ፊደል ነው ያደግሁት፤
የሚለያቸው ዓይን አይደለም።

ያቃተኝ የገዛ ስማቸው ነው፤ ከመነሻው ይጠብቃል።
የኛ ቃል ደጃፍ ላይ አይጠብቅም፤
ጫማውን አውልቆ፣ ላልቶ ይገባል።
"ሬሜዲዮስ" ስል፣ "ለስላሳ!" ይሉኛል፣ "ሞተሩን አስነሺ!"
ደግሞ "ቱ በይኝ" ይሉኛል፣ "አንቺ በይኝ፣ ጓደኛ ነን"፤
ምላሴ እርስዎን ትቶ አይነሣም። አንቱታ አጥንት ውስጥ ነው።

"ሜ ጉስታ" የሚባለውን ፈረንጅ ሁሉ ይሳሳተዋል አሉ፤
እኔ ምን ቸገረኝ? ደስ ይለኛል፣ ራበኝ፣ በረደኝ፣ ናፈቀኝ፤
እኛ ዘንድ ስሜት በራሱ እግር መጥቶ ነው ሰው የሚይዝ።

ሁለት "ነው" አላቸው፤ አንዱ ለሚጸና፣ አንዱ ለሚያልፍ።
ሶይ ትርንጎ።
ኤስቶይ ሙሐረቅ።
በየሁለት ዓመቱ ማኅተም እየተመታብኝ፣ ኤስቶይ።

ሐምሌ ውስጥ፣ ግድግዳውን ሳይቀር በሚያልበው ሌሊት፣
ልጃቸው ስልክ ይዞ ወንድሙን ሲያረዳ ሰማሁት፦
"ኤስታ ሙዌርታ።"

ኤስታ? በሚያልፈው?
ደብተሬን ገለጥኩ። ሞት፣ ከ"በሩ ተዘግቷል"፣
ከ"ሾርባው ቀዝቅዟል" ጋር፣ ባንድ ዐምድ ተጽፏል፤
በራሴ እጅ፣ ሳላስተውል።
ልጠይቅ ብል፣ መልሱን የሚያውቁት መከዳቸው ላይ ናቸው።

ሊወስዷቸው የመጡት ሰዎች ስም ጠየቁ።
ልጁ አፉን ከፈተ፣ አልወጣለትም።
እኔ ጠራሁላቸው።
ሞተሩ ተነሣ።

ከደብተሬ መጨረሻ ገጽ፣ ከስማቸው አጠገብ
"ይጠብቃል" ብዬ ጻፍኩ።
እንዴት እንደሚነበብ ምልክት አላደረግኩበትም።